ለዘመመው ዛፍ የሚሆን መጋዝ

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ፀሐይ እንኳ ጋቢ ደርባ በምትወጣበት ደጋ ላይ፣ አንድ የእንጨት ቆራጮች ማኅበር አለ። ሊቀመንበሩ አቶ ስንሻው ታደገ ነበሩ፤ አገሬው «ጋሽ ስንሻው» ይላቸዋል። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሊቀመንበር እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው ይሁን ያለ አልነበረም፤ ይሁን ብሎ ያሰበ ቢኖር እንኳ ሐሳቡን ከቤቱ ይዞት አልወጣም።

ጋሽ ስንሻው መጋዝ መምረጥ ያውቁበታል። ይህን የሚጠላቸውም አይክድም። በማኅበሩ መጋዘን ግድግዳ ላይ የሞተር መጋዞቹ ከትንሿ እስከ ትልቁ በተርታ ተሰቅለዋል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ያን ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ብረት የአገሩ ቆራጮች «ምላስ» ይሉታል፤ ሰንሰለቱ ላይ ያሉትን ስለቶች ደግሞ «ጥርስ»። ስንዝር ተኩል ምላስ ያላት መጋዝ አለች። ክንድ የሚሞላ ምላስ ያለው አለ፤ ክንድ ተስንዝር የሆነም አለ። ከሁሉም በላይ፣ ምላሱ ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ቆራጮቹ እንደ መኳንንት ፈረስ ስም አውጥተው «አባ መብረቅ» የሚሉት መጋዝ አለ። አባ መብረቅን ከጋሽ ስንሻው በቀር ማንም አይነካውም።

መጋዝ ሊዋስ የመጣን ሰው ጋሽ ስንሻው በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ልትቆርጥ ነው?» ብለው ነው። የሚወስደውን የሚወስኑት መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ባለጸጋ የአጥሩን ጽድ ለማስተካከል አባ መብረቅን ካልወሰድኩ አለ። ጋሽ ስንሻው ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «አጥሩን ነው ወይስ ጎረቤትህን?» ብለው ጠየቁት። ትንሿን አውርደው ሰጡት፤ ሰውዬውም አፍሮ ወሰዳት፤ አጥሩም አማረ። ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚሉት ተረት በአፋቸው አይጠፋም ነበር።

ቅርንጫፍ ላይ ሙሉ ቀን የሚውል ክንድ ቀላል ነገር ይፈልጋል። ከባድ መጋዝ ተሸክሞ ያረፈደ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚቆርጠው ቅርንጫፉን ይሁን የራሱን እግር አይለየውም። ለአጣናና ለቤት ቋሚ ክንድ የሚሞላው ይበቃል። ለጣውላ ግንድ የሚጥል ደግሞ የግንዱን ውፍረት በስንዝር ይለካና፣ ምላሱ ከግንዱ ትንሽ ተርፎ የሚወጣ፣ ሞተሩም ያን ምላስ መሸከም የሚችል መጋዝ ይመርጣል። ጋሽ ስንሻው እዚህ ላይ ቆም ብለው ጣታቸውን ያነሣሉ። ሞተሩ ትንሽ ሆኖ ምላሱ የረዘመ እንደሆነ፣ ሰንሰለቱ ባዶ አየር ላይ እየጮኸ ይዞራል፣ እንጨት ሲነካ ግን ይሞታል። ከሩቅ የሰማ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ሥራ ተሠራ ይላል። ይህን ሁሉ የሚናገሩት በልበ ሙሉነት ነው፤ የሚናገሩትም ልክ ነው።

እንዲህ ያሉ አዋቂ አንድ ነገር ተሳሳቱ፤ ስሕተታቸውም የመጣው ከዚሁ ከእውቀታቸው ነው። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት ሥራው ሁሉ ትልልቅ ግንድ መጣል ነበርና፣ በመስቀል ድግስ ላይ ረዥም ምላስ የያዙትን ሁለት ሰዎች ከጎናቸው አስቀመጧቸው። ለድካማቸው ክብር ነበር፣ ሌላ ነገር አላሰቡም። በሚቀጥለው መስቀል አንድ ሦስተኛ ሰው ምላሱን አስረዝሞ መጣና ከእነሱ አጠገብ ተቀመጠ። ተነሥ ያለው የለም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሥርዓት ሆነና አባል ሁሉ በስብሰባ የሚቀመጠው በምላሱ ርዝመት ሆነ። ረዥሙ ከሊቀመንበሩ ጎን፣ ደህናው መሐል፣ አጭሩ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ።

ትልልቁ ግንድ አለቀ፤ ሥርዓቱ ግን አላለቀም። አባላቱ ሞተራቸውን እንደያዙ ምላሱን ብቻ ያስረዝሙ ጀመር። በዚህ ምንይችል የተባለውን አባል የሚስተካከለው አልተገኘም። የምንይችል ሞተር የቅርንጫፍ ሞተር ናት፤ ምላሷ ግን የጽድ ግንድ ይጥላል የተባለለት ነው። ሥራ ላይ ሰንሰለቱ እየወለቀበት ቀኑ በማጥበቅ ያልቃል። ስብሰባ ላይ ግን ከጋሽ ስንሻው ቀኝ ነው፤ ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» ለማለት የሚቀድመው የለም።

ከቆራጮቹ ሁሉ እጁ የተመሰገነው ባያብል ነበር። ክንድ በሚሞላ መጋዝ ይሠራል፣ መሐል ይቀመጣል፣ ጠብም ሹመትም አይፈልግም። አንድ ቀን ጋሽ ስንሻው በሰው ፊት «አንተማ ወደ እኛ ቀረብ የምትለው መቼ ነው?» ብለው ቀለዱበት። ባያብል ቀልዱን ከልቡ ወሰደውና በዚያው ሞተር ላይ ረዥም ምላስ ገጠመ። ሳምንት ሳይሞላው የምላሱ ጫፍ ቅጠል የሸፈነው ጉቶ ነካና መጋዙ ወደ ኋላ ረግጦ ትከሻውን ከፈተው። እግዜር ብሎ ተረፈ። ከዳነ በኋላ የጥንቱን ምላስ መልሶ ገጥሞ መሐል ተቀመጠ፤ ስለ ነገሩም ክፉ ቃል አልወጣውም። ጋሽ ስንሻውም ምንም አላሉትም። ከአንገቱ ወርዶ ሸሚዙ ሥር የሚገባውን ጠባሳ ሲያዩ ግን ዓይናቸውን ወደ ሌላ ይመልሱ ነበር።

በር አጠገብ ከሚቀመጡት አንዷ ይጋርዱ ናት። የማኅበሩን ሰንሰለት ሁሉ በሞረድ የምትስል እሷ ናት፤ የራሷ መጋዝ ደግሞ ስንዝር ተኩሏ። ጋሽ ስንሻው የልጇ የክርስትና አባት ስለሆኑ «አበልጄ» ብላ ትጠራቸዋለች። ማን እንጨት እንደቆረጠ፣ ማን ድንጋይ እንደነካ፣ ማን ቆረጥኩ እያለ ጥላ ሥር እንደዋለ ከሰንሰለቱ ጥርስ ታውቃለች። የሰው ጥርስ በእጇ የሚያልፍ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልጋትም።

በዚያ ዓመት ሁለት ጥሩ ሞተሮች ከአቅማቸው በላይ ተጭነው ተቃጠሉ። ጣውላ የሚያዝዙ ደንበኞች ወደ ሌላ ማኅበር ሄዱ። አባላቱ በየጥጉ ቆመው ያወራሉ፤ ጋሽ ስንሻው ብቅ ሲሉ ወሬው ስለ ዝናብ ይሆናል። ያ የተወራው ዝናብ ሁሉ ቢዘንብ ኖሮ አገሩን ጎርፍ ይወስደው ነበር። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ በጉባኤው ምርጫ አለ፤ ግማሹ አባል ደግሞ ነገሩ እንደነበረ ከቀጠለ ተለይተን የራሳችንን እናቋቁማለን ብሎ ተማምሏል። ጋሽ ስንሻው ይህን አልሰሙም ማለት አይቻልም። ሰምተው ዝናብ መሆኑን ማመን መረጡ።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። በማኅበሩ ግቢ መሐል አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በጥላው ሥር ነው፤ በማኅተሙ ላይ የተቀረጸውም እሱው ነው። ብዙ ዘመን ቀጥ ብሎ ቆመ። ስንቱን ፀሐይ አስጠለለ፣ ስንቱን ዝናብ ከለለ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ዘመመ፤ የዘመመውም የጣውላ መሰንጠቂያው ማሽን ወዳለበት ዳስ ነው። መሰንጠቂያው የማኅበሩ እንጀራ ስለሆነ፣ ዛፉ እዚያ ላይ የወደቀ ቀን ማኅበር የሚባል ነገር አይኖርም። ክረምቱም ደጅ ደርሷል፤ ሥሩ የረጠበ ዛፍ ቀጠሮ አይሰጥም። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። ጋሽ ስንሻው ያን ዛፍ የሚወዱት እንደ ራሳቸው ነበርና።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይጋርዱና ባያብል ጋሽ ስንሻው ደጅ መጥተው ቆሙ። ቤታቸው ከማኅበሩ ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ በመሐል ያለው የድንች መደባቸው ብቻ ነው። ምንይችልም አብሮ ነበር። እሱን የጠራው የለም፤ ነፋስ በሚለወጥበት ቦታ አለመገኘት ስለማይችል መጣ።

ጋሽ ስንሻው ግቡ አሏቸው። እዚሁ ይሻለናል አሉ። መቀመጫ ቢያወጡላቸው ጉዳያችን እስኪሰማ ቆመን ይሻላል አሉ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ዛፍ ሊያይ የሚመጣ ቆራጭ እንዲህ አይለብስም። እንዲህ ለብሶ፣ ደጅ ቆሞ፣ አልቀመጥም የሚለው ለዕርቅ ወይም ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ነው።

«አበልጄ፣ ስለ ዛፉ ልንጠይቅዎ ነው» አለች ይጋርዱ።

«የትኛው ዛፍ?»

«ግቢ ውስጥ ያለው ትልቁ። ዘሟል።»

«ዘሞ ቢሆን ኖሮ እኔ አላየውም ነበር?»

«ዛፉ ላይ ሆነው ሲያዩት አይታይም» አለች ቀስ ብላ። «ሥር ላለ ሰው ነው የሚታየው።»

ምንይችል ሁለቱንም ተራ በተራ አየና ለጥንቃቄ ያህል በጋሽ ስንሻው በኩል መቆም መረጠ። ዛፉ አልዘመመም፣ የዘመመው መሬቱ ነው አለ። ባያብል ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ።

ጋሽ ስንሻው ጋቢውን አዩ፣ የተወለወለውን ጫማ አዩ፣ ያልተቀመጡበትን መቀመጫ አዩ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ ምን እንደተቀዳላቸው ገባቸው። ተናደዱ፤ ከንዴታቸው በታች ደግሞ ሐዘን ነበረበት። ይችን ሴት ልጇን ክርስትና አንሥተውላታል፤ ይህን ሰውዬ እጁን ይዘው መጋዝ አስጨብጠውታል። የገባቸውን ግን ለራሳቸው ይዘው፣ ነገሩ ስለ ዛፉ ብቻ እንደሆነ አደረጉት።

«እንሂድና እንየዋ» አሉ።

ግቢው ሲደርሱ በመጀመሪያ የገቡት ግን መጋዘኑ ውስጥ ነው። በቀጥታ ወደ አባ መብረቅ ሄዱ። አሳባቸው አስነሥተው ማጓራት ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ማን እንደያዘው ይወቅ ብለው። ድሮ በአንድ እጃቸው ያወርዱት ነበር። አሁን በሁለት እጃቸው ይዘውት ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። አይተውኝ ይሆን ብለው ዞር ሲሉ ባያብል በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። መሬት በማየቱ ይበልጥ ተናደዱ። ወዲያው ደግሞ ይህ ሰው ያን ጠባሳ በትከሻው ይዞ፣ መሬት የሚያየው እሳቸው እንዳያፍሩ ብሎ መሆኑ ታወቃቸው፤ ንዴታቸውም እንጨቱ እንደተጎተተበት ምድጃ በረደ። መጋዙን መልሰው ሰቀሉት።

ሲወጡ ድምፃቸው የሊቀመንበር ድምፅ ነበር። በየትኛው ልትቆርጡት አስባችኋል ብለው ጠየቁ። ምንይችል አባ መብረቅ ነው እንጂ ሌላ ምን አለና አለ። ይጋርዱ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን እንደሚል ነገረቻቸው። በትልቁ መጋዝ ባንድ ጊዜ ይገንደስ የሚል አለ። ገመድ አስገብተን ሁላችንም እየጮኽን እንጎትተው የሚል አለ። ተዉት፣ የቀረው ጥቂት ነው፣ ክረምቱ ራሱ ይጥለዋል የሚሉም አሉ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ልክ የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ አልኩ።»

ይህ አነጋገር ጋሽ ስንሻውን አስደሰታቸው፤ እንዳስደሰታቸውም ፊታቸው ላይ ታየ። ጎበጥ ያለ ወገባቸውን አቀኑና ሦስቱንም ሐሳቦች አንድ በአንድ አፈረሱ። እየተጮኸ በገመድ የተጎተተ ዛፍ የሚወድቀው በጎታቾቹ ላይ ነው አሉ፤ ፊት ፊት የጎተተው ደግሞ መጀመሪያ ይደፈጠጣል። ክረምት ይጣለው ያለ ሰው ክረምት ዛፉን ከዳሱ ለይቶ እንደማይጥል ረስቷል። በትልቁ ይገንደስ ያሉት ግን ከሁሉም የባሱ ናቸው። ለምን እንደሆነ አሳያችኋለሁ ብለው መጥረቢያ አስመጡና ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ አንኳኩ።

ዛፉ እንደ ከበሮ መለሰ። በወገብ ልክ ዙሪያውን እየዞሩ ደጋግመው አንኳኩ፣ ጆሯቸውንም አስጠግተው አዳመጡ። ሌሎቹም ሰሙ። ይህን ድምፅ ለማወቅ ቆራጭ መሆን አያስፈልግም።

«ውስጡ ካለቀ ቆይቷል» አሉ በመጨረሻ። «ያቆመው ዙሪያው ነው።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ምንይችል ላይ አረፈ። ምንይችል ከዛፉ አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ አለ።

ከዚያ በኋላ የመረጡት ምርጫ እስከ ዛሬ በቆራጮቹ ዘንድ ይነገራል። ለተቦረቦረ ግንድ ረዥም ምላስ አይሆንም አሉ። ጫፉ ባዶው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚነካ አይታወቅም፤ ይነክስና የያዘውን ሰው ይረግጣል። እዚህ ላይ ንግግራቸውን አቆሙ። ለብዙ ጊዜ ያላዩትን ጠባሳ ዓይናቸውን ሳይመልሱ አዩት።

«ባያብል፣ ይህን በጊዜው ልነግርህ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩህ። ዝም ብቻ አይደለም፣ ገፋሁህ።»

«አሁን ነገሩኝ እኮ፣ ጋሼ» አለ ባያብል። ይጋርዱ ፊቷን ወደ ዳሱ አዙራ ዓይኗን በጋቢዋ ጠረገች።

ጋሽ ስንሻው ቀጠሉ። መጀመሪያ ትንሿ መጋዝ ትሥራ። ዛፉን ወደ ዳሱ የጎተተው ግንዱ አይደለም፤ በዚያ በኩል የበዙበትና የከበዱበት ቅርንጫፎች ናቸው። እነሱ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ይውረዱ፤ ያን ጊዜ ዛፉ ራሱ ቀለል ብሎት ቀና ይላል፣ ታዩታላችሁ። ግንዱን ደግሞ ክንድ የሚሞላው ይበቃዋል። ግንዱ ከክንድ ይወፍራል ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን ከሁለት ወገን ይገባበታል። ለዚህ ትልቅ መጋዝ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከዚህና ከዚያ ሆነው የሚተያዩ፣ እኩል የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ነው። አንዱ የቀደመ እንደሆነ ዛፉ ይጣመማል።

«እስከ መጨረሻው ነው የምንቆርጠው?» አለች ይጋርዱ።

«አይሆንም። ከፊት በሚወድቅበት በኩል አፍ ትከፍቱለታላችሁ፣ ከኋላ ትመጣላችሁ፣ በመካከል ግን አንዲት ቀጭን የእንጨት ሥጋ ሳትነኩ ትተዋላችሁ። ዛፍ ሲወድቅ የሚመራው የተቆረጠው አይደለም፣ ያልተቆረጠው ነው። እሷን ጨርሳችሁ ከበጠሳችሁ የት እንደሚያርፍ እግዜር ብቻ ያውቃል። እሷን ከተዋችሁለት ግን እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ይተኛል።»

«የት ይተኛ ታዲያ?» አለ ባያብል።

በእነዚያ ቆራጮች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ትልቅ ዛፍ ከመጣሉ በፊት ከሁሉም የሚበልጠው ሰው የዛፉ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ካስማ ይተክላል፤ ካስማ ሳይተከል ሞተር አይነሣም። ጋሽ ስንሻው አንድ ካስማ አነሡና ሄዱ። ወደ ዳሱ አልሄዱም፤ ባዶ ወደሆነው ወደ ሜዳውም አልሄዱም። በጎን በኩል የራሳቸውን አጥር ቆርቆሮ ገነጠሉና የድንች መደባቸው ውስጥ ገብተው፣ ከቤታቸው በር ጥቂት ሲቀር ካስማውን በድንጋይ መቱት። ባያብል፣ ዛፉ እዚህ ከወደቀ ድንችዎ ይጠፋል አላቸው። ድንቹ የኔ ነው አሉት። ሽብልቅና አንድ መያዣ ገመድ ካለ ወደዚህ ይመጣል፣ እኔ አውቀዋለሁ አሉት።

ይጋርዱ ዓርብ ሰንሰለት ስትሞርድ ዋለች። በዚያው ቀን ቅርንጫፎቹ በትንሿ መጋዝ ወረዱ፤ ዛፉም እንደተባለው ቀና አለ። ሲያዩት ያ ሁሉ ዓመት የከበደው እሱ ሳይሆን ሌላ ይመስል ነበር። የወረዱት ቅርንጫፎች ከግንዱ ይልቅ ብዙ ቦታ ያዙ፤ ማገዶ ከመሆን አላለፉም። ምንይችል ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ መጋዘኑ ገብቶ ሲወጣ ያን ረዥም ምላስ ነቅሎ፣ ክንድ የሚሞላ መጋዝ ከነሞተሩ ይዞ ነበር። የሚያንገራግርና የሚንቀጠቀጥ ነገር በእጁ ስላልነበረ እሱም ራሱ ገረመው።

ቅዳሜ ጠዋት ባያብል ከአንድ ወገን፣ ምንይችል ከሌላው ወገን ሆነው ተነሡ። አባላቱ በሙሉ ራቅ ብለው ቆመዋል። ግማሾቹ ዛፉን ያያሉ፣ ግማሾቹ ጋሽ ስንሻውን። ጋሽ ስንሻው ቆባቸውን አውልቀው በካስማው ጎን በኩል፣ አደጋ በማይደርስበት ቦታ ቆመው ነበር። ሁለቱ መጋዞች እኩል ገቡ። ምንይችል ሲቸኩል ባያብል በዓይኑ ያቆመዋል፤ ምንይችልም ይቆማል። ሽብልቁ ተመታ። ዛፉ መጀመሪያ ምንም ያልገባው መሰለ፣ ቀጥሎ ጫፉ በሰማዩ ላይ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ ያልተቆረጠችው ሥጋ ይዛው፣ እየታጠፈች፣ ወደ ድንቹ መደብ አስተኛችው። መሬቱ ተነቃነቀ። ዳሱ ላይ አንድ ቅጠል አልወደቀም።

ጫፉ ካስማውን መሬት ውስጥ ቀብሮታል። ያጨበጨበ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጨበጨብለትም። ጋሽ ስንሻው አለቀሱ፣ አላፈሩበትምም። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ግንዱን ከሥር እስከ ጫፍ ተመለከቱና፣ ከዙሪያው ያለው እንጨት ደህና ጣውላ እንደሚወጣው ለባያብል ነገሩት።

እሑድ ጉባኤው ሲጀመር ምርጫው ሳይነሣ እሳቸው ተነሡ። ንግግራቸው አጭር ነበር። ትልልቁን ግንድ ጨርሰናል፣ አሁን የቀረን ሥራ ክንድ የሚሞላ መጋዝ ይበቃዋል አሉና፣ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ባያብል ፊት አስቀመጡት። ቀጥሎ እጆች ተነሡ፤ ተለይተን እንወጣለን ብለው የተማማሉትም፣ በቀኝ የሚቀመጡትም አነሡ። ምንይችል ድሮስ አላልኳችሁም ነበር አለ። ምን እንዳለ የሚያስታውስ አልተገኘም፤ ማንም ግን አልተከራከረውም። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ውስጥ ሰው የሚቀመጠው ክፍት በሆነበት ቦታ ነው።

ስብሰባው ሲበተን ይጋርዱ ጋሽ ስንሻውን ቤታቸው ድረስ ሸኘቻቸው። በተገነጠለው አጥር ገብተው፣ በወደቀው ግንድ ጎን ጎን፣ የተጨፈለቀውን ድንች እየተራመዱ ሄዱ። ጋሽ ስንሻው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ፈጠን ብለው ይራመዱ ነበር። በራቸው ላይ ሲደርሱ ይጋርዱ ቆመች። ከሐሙስ ጀምሮ በሆዷ የያዘችው አንድ ጥያቄ ነበር።

«አበልጄ፣ ያ ዛፍ ግን አመመው ይሉ ይሆን?»

ጋሽ ስንሻው ግንዱን አዩ፣ ቀጥለው እሷን አዩዋት፣ ፈገግም አሉ።

«ሐሙስ ደጄ ድረስ ይዘሽው የመጣሽው ምላስ ልክ ነበር» አሏት። «ብዙ አላመመኝም።»